ስለ አንድ ቮላኖ የተላኩ ሽማግሌዎች

ይህን የምጽፈው ኦቦ ሙሜ በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ ለሐዘኑ በተተከለው ድንኳን ውስጥ የሰማሁት ነገር እውነት ስላልሆነ ነው። ከጎኔ የተቀመጡ ሁለት ሾፌሮች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ሟቹ ሲያወሩ፣ አንደኛው ጎበዝ መካኒክ እንደነበሩ መሰከረና፣ መጨረሻ ላይ ግን እጃቸው እንደከዳቸው፣ የአንዲትን ባልቴት ሚኒባስ ያበላሹትም እሳቸው እንደሆኑ ጨመረበት። ሁለተኛው ራሱን በመነቅነቅ አጸና። እኔ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው አውቀው ነበር፤ ዝም አልኩ። በሐዘን ቤት መከራከር ነውር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ይህ ዝምታዬ የመጀመሪያው እንዳልሆነ አስታወስኩ። መካኒክ ለልጆቹ የሚያወርሰው ከሁሉ በፊት ስሙን ነው፤ የኦቦ ሙሜ ስም ደግሞ የእሳቸው ባልሆነ ጥፋት ጎድፎ ቀርቷል። ስለዚህ የማውቀውን አስቀምጣለሁ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ለክስ የሚሆን ጉልበትም የለኝም።

የኦቦ ሙሜ ጋራዥ ከጭሮ ወደ በደሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነበር። እኔ ከመንገዱ ማዶ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ነበርኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ ለጥቂት ወራት የገባሁበት ሱቅ ዓመታት ቆጥሮብኛል። በባንኮኒው ላይ መጽሐፍ ስለማይጠፋና አነጋገሬም ዳኝነት ዳኝነት ስለሚል፣ ኦቦ ሙሜ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ቃዲ» ብለው ሰየሙኝ። ሌላ ስም እንዳለኝ ያወቁ አይመስለኝም።

አጭር፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ወደ ሶላት ከመሄዳቸው በፊት እጃቸውን በእንዶድ እያሹ ረዥም ጊዜ ይታጠቡ ነበር፤ ይሁን እንጂ በጣቶቻቸው መስመሮች ውስጥ የገባው ጥቁር ዘይት ከቆዳቸው ጋር የተወለደ ይመስል አይለቅም ነበር። አማርኛቸው ከገበያ የተማሩት ነው። ሽማግሌውንም ሕፃኑንም፣ የወረዳውን ባለሥልጣንም «አንተ» ይሉታል፤ ማንም ግን አይከፋበትም። ሰው ሲያስቸኩላቸው «ሱታ» ይላሉ፤ በኦሮምኛ ቀስ በል ማለታቸው ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ያችን ቃል ስንት ጊዜ ከመንገዱ ማዶ እንደሰማሁ አላውቅም። ጫት የጫነ ሾፌር ባለበት ከተማ ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ቃል የለም፤ ጫት እየጠወለገ ሱታ አይባልምና።

ሊነገርላቸው የሚገባው ግን የቮላኖ ፍርዳቸው ነው። ቮላኖ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚሽከረከር ከባድ የብረት ክብ ነው፤ ፍሪሲዮኑ የሚይዘውም የሚለቀውም እሱን ነው። የድሮ መኪኖች ቮላኖ አንድ ወጥ ብረት ነበር፤ ሾፌሮቻችን «ድፍኑ» ይሉታል። የኋለኞቹ የናፍጣ መኪኖች ይዘውት የመጡት ግን ሁለት ክቦች ተደራርበው በመካከላቸው ሞላ፣ ማለትም የተጠቀለለ የብረት ሽቦ ያለበት ነው፤ የሞተሩን ንዝረት ወደ ካምቢዮው ሳይደርስ ያበርደዋል። እሱን «ድርቡ» ይሉታል። ድርቡ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ሞላው ይደክማል፣ ከደከመም አይታደስም፣ እዚህ አገር ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ድፍኑ አይደክምም፤ ቢቧጨር ቶርኖ ቤት ተልጦ ይመለሳል፤ ነገር ግን ንዝረቱን አይውጥም። ስለዚህ የአንድ መኪና ፍሪሲዮን አልቆ ካምቢዮው በወረደ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሣል፤ ድርቡ በድርብ ይተካ ወይስ ወደ ድፍን ይለወጥ? አብዛኛው መካኒክ የሚመልሰው በእኛ መደርደሪያ ላይ ያለውን አይቶ ነው።

ኦቦ ሙሜ እንዲያ አልነበሩም። አንድም ቡሎን ከመፍታታቸው በፊት ጫማቸውን አውልቀው ከሾፌሩ ጎን ይቀመጣሉ፤ ባዶ እግራቸውን በመኪናው ወለል ላይ አሳርፈው፣ መዳፋቸውን በማርሽ ዱላው ላይ ጭነው፣ ወደ ዳገቱ ንዳኝ ይላሉ። በመንገድ ላይ ይጠይቃሉ፤ ምን ትጭናለህ? በየትኛው መንገድ? መሪውን የሚይዘው ማን ነው? ኬላ ላይ ስትቆም ፍሬን ትይዛለህ ወይስ በፍሪሲዮን ትንጠለጠላለህ? ሾፌር ሁሉ ፍሬን እይዛለሁ ይላል። እሳቸው ግን መልሱን የሚሰሙት ከእግሩ ነበር።

አንድ የበደሳ ጫት ነጋዴ ፒክአፑን አምጥቶ፣ ገንዘብ ችግር እንዳልሆነ፣ ከውጭ አገርም ቢሆን ድርቡን እንደሚያስመጣ ነገራቸው። ከነጋዴው ሾፌር ጋር ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ ሾፌሩ የግራ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አንሥቶ እንደማያውቅ፣ የወርቅ ቮላኖ ቢገጠምለትም በስድስት ወር እንደሚያቃጥለው አስረዱትና ድፍኑን ሞላ ካለው የፍሪሲዮን ዲስክ ጋር ገጠሙለት። በዚያው ሳምንት አንድ የመቻራ ቡና ሰብሳቢ መጥቶ የነጋዴውን ፒክአፕ አይቶ ድፍኑን ጠየቀ፤ እሱን ከለከሉት። መኪናዋን የሚነዳው ራሱ ነበር፣ ረጋ ብሎ ይነዳል፣ ድርቡም ገና ዕድሜ ነበረው። ከክቡ ጠርዝ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው፣ ሰውየው በገዛ እጁ ወዲያና ወዲህ እንዲያዞረው አደረጉና፣ ምልክቱ የሄደው ርቀት ትንሽ መሆኑን አሳዩት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በደፈናው ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነበር።

«ከበሬና ከበቅሎ የቱ ይሻላል? መጀመሪያ ልታርስ ነው ልትሄድ ነው፣ እሱን ንገረኝ።»

አሁን ወደ ሚኒባሷ እመጣለሁ።

እትዬ ዘነበች ከጋራዡ ጀርባ የሚኖሩ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተረፈቻቸው ከጭሮ በበደሳ በኩል መቻራ የምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ ናት። ቶፊቅ የሚባል አፈ ጮሌ ሾፌር ይነዳታል። አንድ ማለዳ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ አለች። ካምቢዮው ሲወርድ ዲስኩ ደህና ነበር፤ በቅርብ ጊዜ የተቀየረ አዲስ ነው። የሞተው ድርቡ ቮላኖ ነበር፤ በእጅ ሲነቀንቁት እንደ ላላ ጥርስ ይንገጫገጭ ነበር።

ድርቡ በእኛ ሱቅም፣ ባወቅናቸው ሱቆችም አልነበረም። ድፍኑ ግን ነበረ። ችግሩ ዲስኩ ላይ ነው። ከድርቡ ጋር የሚሠራ ዲስክ የራሱ ሞላ የለውም፤ ሥራውን ቮላኖው ስለሚሠራለት አያስፈልገውም። ወደ ድፍን የሚለውጥ ሰው ዲስኩንም ሞላ ባለው መለወጥ አለበት። ያ ዲስክ ደግሞ ከድሬዳዋ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ ነገርኳቸው። ኦቦ ሙሜ ሁለት ሳምንት ትቁም አሉ።

እትዬ ዘነበች ይህን መቀበል አልቻሉም። መናኸሪያው ከሳምንት በላይ ከስምሪት የወጣች መኪና የመስመር ተራዋን ለሌላ እንድትለቅ ያደርጋል፤ የመቻራ መስመር ደግሞ ወረፋ የሚጠበቅበት ነው። ሦስት ቀን ለመኗቸው፤ ኦቦ ሙሜ ሦስት ቀን እምቢ አሉ። በአራተኛው ቀን እትዬ ዘነበች በእኛ አገር የተጣላ ሰው ወይም ልጅ የሚያጋባ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ሽማግሌ ላኩ።

መካኒክ ዘንድ ስለ ቮላኖ ሽማግሌ ሲላክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። በሐጂ ዩሱፍ የሚመሩ ሦስት ጃርሳዎች መጡ፤ ጃርሳ የሚሏቸው በኦሮምኛ የአገር ሽማግሌዎችን ነው። እኔ አራተኛ ሆኜ ተጨመርኩ፤ የመለዋወጫ ነገር የሚያውቅ የተማረ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ። ባልዋሽ ደስ ብሎኛል። በጋራዡ ግቢ፣ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ ወንበር፣ እኔ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥን። ኦቦ ሙሜ ቆመው ቀሩ። ቶፊቅ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ፣ ቮላኖዋ ጥሎሽ ስንት እንደጠየቀች ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ሐጂ ዩሱፍ በከዘራቸው ጠቆም አድርገው ዝም አሰኙት።

ሐጂ ዩሱፍ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ባልቴትና ወላጅ ስለሌለው የቲም ሐቅ ተናገሩ። ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። የተናገርኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ንግግር ነበር። የነባሩ ዲስክ ስፋት ከድፍኑ ጋር እኩል መሆኑን፣ የመሐሉ ጥርስ ቁጥርም አንድ መሆኑን፣ ዲስኩ አዲስ መሆኑን፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ በአንድ ካምቢዮ ዕድሜ ውስጥ እንደ ኢምንት የሚቆጠር መሆኑን አስረዳሁ። ሽማግሌዎቹ እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ኦቦ ሙሜ ዲስኩን ከመሬት አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ቃዲ፣ ጥሩ ተናገርክ። ሞላው የት አለ?»

እዚህ ላይ እንደሌለ፣ ነገር ግን ለጊዜው መሆኑን መለስኩ።

«ሞላ አንድ ቦታ መኖር አለበት። በቮላኖው ካልሆነ በዲስኩ። በሁለቱም ከሌለ የካምቢዮው ጥርስ ሞላ ይሆናል። ጥርስ ደግሞ ሞላ መሆን አያውቅም፤ ይሰበራል።»

ይህን ሁሉም ሰማ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ስል ነው፤ በግልጽ አማርኛ፣ በሦስት ሽማግሌዎችና በአንድ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ፊት ተነግሯል። ሐጂ ዩሱፍ ግን ነገሩን እንደ ዋጋ ክርክር ቆጠሩት። ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋድመው፣ እምቢ ከተባሉ እንደማያነሱት ተናገሩ። እኛ ዘንድ ከዚህ ወዲያ የሚሄድ ልመና የለም።

ኦቦ ሙሜ ጎንበስ ብለው ከዘራውን አንሥተው ለሐጂ ዩሱፍ ሰጧቸው።

«አባቴ ለጃርሳ እምቢ አላለም፤ እኔም አልልም። ግን ሐጂ፣ ጃርሳ ሰውና ሰውን ያስታርቃል። ብረትና ብረትን አያስታርቅም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዱዓ ተደረገ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

በማግስቱ ገጠሙት። ሞተሩ ሲነሣ፣ መኪናዋ ቆማ ሳለች፣ ከካምቢዮው ውስጥ ጠጠር በጣሳ የሚናጥ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። ቶፊቅን ጠርተው ሁለት ነገር አስጠነቀቁት። ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር እያንገራገረ በከባድ ማርሽ ዳገት እንዳይወጣ፣ ዲስኩ እንደመጣም በዚያው ቀን መኪናዋን እንዲያመጣ። ዋላሂ አመጣለሁ አለ።

ዲስኩ በአሥራ ስድስተኛው ቀን መጣ። መንገዱን ተሻግሬ ራሴ ሰጠኋቸው። ቶፊቅ አልመጣም። መኪናዋ ትሄዳለች፣ ተራዋ ተጠብቋል፣ ድምፁንም ሰው ለምዶታል። ኦቦ ሙሜ ቶፊቅን ለማስታወስ በየማለዳው ከፈጅር ሶላት በኋላ ወደ መናኸሪያው ይሄዱ ጀመር። ሾፌሮቹ መሣቂያ አደረጓቸው፤ ሽማግሌው ሥራ አጥተው በር ለበር ይዞራሉ ተባለ። አንድ ቀን ዘይት ላደርስ እዚያ ተገኝቼ ስለነበር የቶፊቅን መልስ ሰምቻለሁ።

«ኦቦ ሙሜ፣ ያልታመመ ሰው አልጋ ይይዛል እንዴ? እርስዎ ደግሞ ካልቀደድኩ ይላሉ።»

በዙሪያው የነበሩት በሳቅ ፈነዱ። ኦቦ ሙሜ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ሱታ ንዳ ብለውት ተመለሱ። እትዬ ዘነበች ቤትም ሄደው ነበር። እትዬ ዘነበች በአክብሮት ተቀብለዋቸው፣ ይህችን የገበያ ሳምንት ልጨርስ አሏቸው። የቡናው ወቅት ስለነበር ከዚያች ሳምንት በኋላ ሌላ የገበያ ሳምንት ነበረ፤ ከዚያም ሌላ። እኔን አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቃዲ፣ አንተ ብትነግራቸው ይሰሙሃል» አሉኝ። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለእትዬ ዘነበች የነገርኳቸው በመንገድ ላይ፣ ከሰላምታ ጋር አያይዤ ነው፤ ያም መንገር ከተባለ።

በሦስተኛው ወር፣ ከበደሳ ወደ ጭሮ ስትመለስ፣ ሚኒባሷ ዳገት መሐል ላይ አንድ ጊዜ ጮኻ ቆመች። ካምቢዮው ተሰንጥቆ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ተሳፋሪው ወርዶ ዕቃውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ሰው አልተጎዳም። ኦቦ ሙሜ በአሮጌ ፒክአፓቸው ሄደው ጎትተው አመጧት፤ ካምቢዮውን ከፍተው የተሰባበሩትን ጥርሶች በእፍኛቸው ዘግነው በጨርቅ ላይ አስቀመጧቸው።

ያው ሽማግሌዎች ያው ግቢ ውስጥ ተቀመጡ። በዚህኛው ጊዜ የላኳቸው እትዬ ዘነበች አዝነው፣ እያለቀሱ ነው። እኔም ተጠርቼ ያው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ዩሱፍ የጠየቁት ጥያቄ በሕግ ዓይን ሲታይ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር።

«ሙሜ፣ እንደሚሰበር ካወቅህ ለምን ገጠምከው?»

«ስለለመናችሁኝ።»

ለአፍታ ዝምታ ሆነ። ያች አፍታ የእኔ ነበረች። ንግግር የምችል እኔ ነበርኩ፤ ዲስኩን ያስቀመጡት የእኔ ጭን ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት ኢምንት ነው ያልኩትም እኔ ነኝ። ኦቦ ሙሜ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ በወቀሳ አልነበረም፤ የሚናገር ሰው እንዳለ ለማየት ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እጃቸው ተመለከቱ። አፍታዋ አለፈች። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ የሚያውቅ ሰው አውቆ ካጠፋ ጥፋቱ የእሱ ነው ብለው ፈረዱ። ኦቦ ሙሜ ፍርዱን ተቀበሉ። ለጃርሳ እምቢ አይሉምና።

የፒክአፓቸው ካምቢዮ ከሚኒባሷ ካምቢዮ ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ከገዛ መኪናቸው አውርደው፣ ለወራት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ሞላ ያለው ዲስክ ጋር ገጠሙላት። በዚያች ፒክአፕ ነበር እስከ ቦኬና እስከ መቻራ ድረስ፣ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ሁሉ ይደርሱ የነበረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአራት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የተበላሸ ሰው ሲደውል፣ ጎትታችሁ አምጡት ይሉ ነበር፤ ሰዎቹም የሚጎትት መኪና ያለውን መካኒክ ይጠሩ ጀመር። ከዚያ ወሬው ደረሰ። ሙሜ የገጠመው ካምቢዮ ዳገት ላይ ፈነዳ ተባለ። ይህ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሽማግሌዎቹ፣ ከዘራው፣ የማለዳ ጉዞዎቹ ሁሉ ተራግፈው ቀሩ። እኔ ማዶ ተቀምጬ ግቢው ቀስ በቀስ ሲጎድል አየሁ። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚመጣላቸው ዘይት የሚቀይር ሰው ብቻ ነበር፤ ለዚያም ጫማቸውን አያወልቁም።

አንድ ከሰዓት ሻይ ይዤላቸው ሄጄ፣ ነገሩ እንዴት እንደነበረ ለሰው ለምን እንደማይናገሩ ጠየቅኋቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት አሰቡ።

«ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «የጠየቀኝ የለም። አንተም ዛሬ የጠየቅከኝ ለምን እንደማልናገር ነው።»

ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ቂም አልነበረባቸውም፤ ቂም ጉልበት ይፈልጋል፤ እሳቸው ደግሞ ደክሟቸው ነበር። በዚያው ክረምት ሳንባቸው ታመመ። ልጃቸው ከድሬዳዋ መጥቶ ሊወስዳቸው ሲል እምቢ አሉ። ጋራዡ ዛሬ የሽንኩርት መጋዘን ነው።

በድንኳኑ ውስጥ ለነበሩት ለሁለቱ ሾፌሮች መመለስ የነበረብኝ ይህ ነው። ሚኒባሷ ተበላሽታ አልቀረችም፤ እስከ ዛሬ በኦቦ ሙሜ ካምቢዮ ቦኬ ትመላለሳለች። ድምፅ የላትም። የመቻራን መስመር ግን ካምቢዮዋ ተሰብሮ ቆማ በነበረችባቸው ቀናት ሌላ መኪና ወስዶታል።

የጠፋው ይህ ነው። አንድ ካምቢዮ። አንድ የመስመር ተራ። አንድ ፒክአፕ። አንድ ጋራዥ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ስም። አንድ መካኒክ።